ስለ ፈትልና ስለ ስፌት፤ የየጁ እናቶች የእጅ ሥራ ታሪክ

የደብራችን በዓለ ኢዮቤልዩ በደረሰ ጊዜ የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች ስለ ንዋያተ ቅድሳት ታሪክ ጥቂት ነገር እንድጽፍ ጠየቁኝ። እኔም አስቀድሜ ወደ ዕቃ ቤት ገብቼ የንብረቱን መዝገብ ተመለከትሁ። መዝገቡ አራት ዐምድ አለው፤ የዕቃው ስም፥ ቍጥሩ፥ የሰጪው ስም፥ የተሰጠበት ዘመን። መጋረጃውን ማን እንደ ሰጠው ተጽፏል፤ መሶበ ወርቁንም ከነልብሱ ማን እንዳመጣው ተጽፏል፤ የሰጪውም ማዕረግ ሳይጐድል ሰፍሯል። ጥጡን ማን እንደ ፈተለው፥ ሣሩንም ማን እንደ ሰፋው የሚናገር ዐምድ ግን ከቶ የለም። መዝገቡን የጻፍነው የተማርን ነን የምንል ወንዶች ነን፤ ብዙው ገጽም የእኔ የእጅ ጽሕፈት ስለ ሆነ ጕድለቱን በሌላ ሰው ላይ ላሳብብ አልችልም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለ መኳንንት ስጦታ አይደለም። በጥንቱ የየጁ አገር፥ ይኸውም ዛሬ በሰሜን ወሎ በወልድያ፥ በመርሳና በሐብሩ ዙሪያ፥ እናቶቻችን በየቤታቸው ምሰሶ ሥር ተቀምጠው ስለ ሠሩት የእጅ ሥራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ልናገር። በአማርኛችን «ስፌት» የሚለው ስም ሁለት ሥራ ይይዛል። ሸማ በመርፌ ሲሰፋ ስፌት ነው፤ ሣርም በወስፌ ሲሰፋ ስፌት ነው። በግዕዝ ሰፈየ ማለት ሰፋ ማለት ሲሆን መስፌ ከዚያው ይወጣል፤ የእናቶቻችን ወስፌም የመስፌ ዘመድ ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ሠራተኛው ግን በጥንት ዘመን የተለያየ ነበረ። በደጋው አገር የልብስ ስፌት በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነበረ፤ የወይዛዝርት ቀሚስ ላይ ጥልፍ የሚጠልፉት ወንዶች ሰፊዎች ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መርፌ ይዘው የሚያድሩ አልታጡም። ባለፈው መቶ ዘመንና ከዚያ በፊት አገራችንን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች ወንድ ሲሰፋ፥ ወንድም በወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥብ አይተው ተደንቀው ጽፈዋል። ሴቶች በመርፌና በኪሮሽ ጥልፍና ዳንቴል መሥራትን በብዛት የያዙት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው፤ በ1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበረ። ፈትልና የሣር ስፌት ግን ከጥንት ጀምሮ የሴቶች ብቻ ነው፤ ማንም ወንድ አልተጋራቸውም።

የሣሩ ስፌት ሥርዐት እንዲህ ነው። ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ልጃገረዶች ወደ መስክ ወጥተው ስንደዶና አክርማ ይለቅማሉ። ስንደዶው ውስጡን የሚሞላው አጥንት ነው፤ አክርማው ተሰንጥቆ አጥንቱን የሚያለብሰው ሥጋ ነው። ከአክርማው የተመረጠው በቀለም ተነክሮ ቀይ፥ ሐምራዊና አረንጓዴ ሲሆን አለላ ይባላል። ሰፊዋ አክርማውን በውሃ እያራሰች፥ በወስፌው እየወጋች፥ ከመካከሉ ጀምራ ዙሪያውን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየጠቀለለች ትሰፋለች። ማሳያ የሚሆናት ወረቀት የለም፤ የምትቈጥረው በልቧ ነው። መስመሩ አንድ ጊዜ ከሳተ ከሩቅ ይታያልና መፍታት ግድ ነው። ወጥ ሠርታ፥ ውሃ ቀድታ፥ ልጅ አስተኝታ በተረፋት ጊዜ ብቻ ስለምትሰፋ አንድ ጥሩ መሶብ ወራት ይፈጃል።

የስፌቱም ዐይነት ከቤት ኑሮ የተቀዳ ነው። እህል የሚበጠርበት ሰፌድ፥ እህል የሚሰፈርበት ቁና፥ እንጀራ የሚቀመጥበት ሌማት፥ ባዘቶና ጌጥ የሚደበቅበት ሙዳይ፥ ቆዳ ለብሶ ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆነው አገልግል፥ ሁሉም የየራሳቸው አገልግሎት አላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መሶብ ነው። የመሶብ ስፋት በክንድ አይለካም፤ በቤቱ ምጣድ ይለካል። እንጀራው ሳይታጠፍ እንዲዘረጋ ስለሚፈለግ እናት አስቀድማ ምጣዷን አይታ መሶቧን ትጀምራለች። ስለዚህ የአንዱ ቤት መሶብ ለሌላው ቤት ልክ አይሆንም። ልጅ ስትዳር እናቷ ሰፍታ ካስቀመጠችው ሁሉ ታካፍላታለች፤ ሙሽራዪቱም አዲሱን ቤቷን በእናቷ እጅ ሥራ ትጀምራለች።

በየጁ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ነውና እናቶች በቡና ሰዓት አብረው ተቀምጠው ይሰፋሉ። በመርሳ ገበያ የተዘረጋውን ሰፌድ አይቶ ይህ የክርስቲያን፥ ያ የሙስሊም ነው ብሎ የሚለይ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እኔም በዚህ ሥራ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቅኔ ለመማር ወደ ዋድላ በወጣሁ ጊዜ ሀብቴ ሁለት ነበረ፤ ደበሎና አኩፋዳ። አኩፋዳውን የሰፋችልኝ እናቴ ናት። የቅኔ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ የሚይዝበት ይኸው የሣር ዕቃ መሆኑን ያልተማረ ሁሉ ያውቃል፤ የተማረው ግን ውሻውንም ያስታውሳል። በእኔ እግር ላይ ከቀረው የጥርስ ምልክት ይልቅ በአኩፋዳዬ ላይ የቀረው ይበዛ ነበር። ሲቀደድ ራሴ ልጠግነው ሞከርሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ ታግዬ የሠራሁት ጥገና በማግስቱ ተፈታ። የቅኔን ቤት በአንድ ሌሊት የምቈጥር ተማሪ የእናቴን አንድ ዙር ስፌት ልሰፋ አልቻልሁም። እኛ ባለቅኔዎች ሰምና ወርቅ የሚለውን ነገር ከአንጥረኛ ቤት ተውሰን ስንከብርበት እንኖራለን፤ ከእናቶቻችንም ድርና ማግ የሚለውን ወስደናል፤ ነገር ግን ብድሩን ማንም አልጠየቀንምና እኛም አልመለስንም።

ወደ ፈትሉ ልመለስ። ጥጡ ከቆላው ይመጣል። ፍሬው በድንጋይ ላይ በመዳመጫ ብረት ይዳመጣል፤ ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎም ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ቀጭንና ብርቱ፥ ለማግ የሚሆነው ለስላሳ ሆኖ ይፈተላል፤ ይህንንም የምትለየው የፈታዪቱ ጣት ናት። ልቃቂቱ ሲከማች ወደ ሸማኔ ይወሰዳል። ሸማኔው እግሩን በጕድጓድ አውርዶ ተቀምጦ፥ ድሩን ዘርግቶ፥ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየወረወረ ይሠራዋል። በእኛ አገር ሸማኔው ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነበረ። እንግዲህ በቅድስቱ ፊት የተጋረደው ነጭ መጋረጃ ክርስቲያን እናት ፈትላው፥ ሙስሊም ሸማኔ ሸምኖት፥ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ መቅደስ የገባ ነው። መዝገባችን ይህንንም አይናገርም።

የፈትል ሥራ በቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘመን ብልሃተኞች ሴቶች ለደብተራ ኦሪት የሚሆነውን በእጃቸው ፈትለው እንዳመጡ እናነባለን። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታም ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት ሀብቷን ሳይሆን የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። የብሥራትን ታሪክ የሣሉ ያገራችን ሠዓሊዎች እመቤታችንን ፈትል ስትፈትል አድርገው ያሳዩናል፤ መልአኩ ሲገባ እንዝርቱ በእጇ ነው። ዛሬም በቅዳሴ ጊዜ ኅብስቱ ከቤተልሔም ወደ ቤተ መቅደስ የሚመጣው በመሶበ ወርቅ ነው። ስሙ ወርቅ ቢሆንም በብዙ ደብር ያለው መሶብ በእናት እጅ ከሣር የተሰፋ ነው። በቤት ያለው መሶብና በመቅደስ ያለው መሶብ ሥራቸው አንድ ነው፤ የወጡትም ከአንድ ወስፌ ነው።

ከጽሑፍ ታሪክ ብንፈልግ የጥጥ ነገር እጅግ የቈየ ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ወደ ኖባ ዘምቶ በድንጋይ ላይ ያስጻፈው ጽሑፍ ከጠላቱ አገር ካጠፋው ነገር ጋራ ጥጥን ይጠቅሳል። በአዱሊስ ወደብም ልዩ ልዩ ልብስ ከግብፅና ከህንድ ይገባ እንደ ነበረ የ1ኛው መቶ ዘመን የባሕር ነጋዴ ጽፏል። የሰው ስም ግን በንጉሡ ላይ ያበቃል።

በአቅራቢያችን የሆነውንም ላስታውስ። ከወልድያ በስተ ደቡብ ምዕራብ መቅደላ አለ። በሚያዝያ 1860 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ አምባ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወሰደ። ከተወሰደው አንዱ ቁመቱ 5 ሜትር ያህል የሆነ የሐር መጋረጃ ነው፤ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ተሠራ የሚባለው ይህ መጋረጃ በተራ የሸማኔ ዕቃ የተሠራ አይደለም፤ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ክሩን እያሾሩ የሸመኑት ነው፤ ክሩም ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሐር ነው። በላዩ የሚታዩት ነገሥታት ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ሊቃውንት ጽፈዋል። በለንደን በሌላው ሙዚየም፥ በቪክቶሪያና አልበርት፥ የቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ አለ፤ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ሲሆን በሐር ክር ተጠልፏል። እቴጌይቱ ከመቅደላ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ቀሚሳቸው ግን ባሕር ተሻገረ። የለንደን ሰዎች የንጉሡን ስም፥ የእቴጌይቱን ስም፥ የጦሩን አዛዥ ስም ጽፈው አስቀምጠዋል፤ የሠሪዎቹ ስም ግን በዚያም የለም። እንግዲህ የእኛ መዝገብ ጕድለት የድኻ ደብር ጕድለት ብቻ አይደለም፤ ባለጠጋውም ሙዚየም ይጋራዋል። ይህን ስጽፍ ለራሴ ማመካኛ እንዳገኘሁ እንዳይቈጠርብኝ፤ እነርሱ የሚጠይቁት ሰው አላገኙም፤ እኔ ግን የሰፉት እናቶች በየሳምንቱ በፊቴ ቆመው ሲያስቀድሱ ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ።

የስሙ መጥፋት ምክንያት ግልጥ ነው፤ የእጅ ሥራ ይናቅ ነበረ። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፥ አንጥረኛው ጠይብ እየተባለ ይሰደብ ነበረ። በጥር ወር 1900 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። በዚያ ዐዋጅ ከሸማኔውና ከአንጥረኛው ጋራ ጸሐፊውም ተቈጥሯል፤ ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበረና። እኛ የቀለም ሰዎች ከሸማኔው ጋራ በአንድ ዐዋጅ ከስድብ እንደ ዳንን ብዙዎቻችን እንረሳለን። ዳሩ ግን ዐዋጁ የተናገረው በአደባባይ ስለሚታወቀው ሥራ ነው። በቤት ውስጥ የሚፈትለውንና የሚሰፋውን እጅ ማንም አልሰደበውም፥ ማንም አላመሰገነውም፤ እንደ ሥራም አልተቈጠረም፤ «ቤት ተቀምጣ ትውላለች» ይባል ነበረ እንጂ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን በአጭሩ እናልፋለን። አቡጀዲ የሚባለው የውጭ አገር ጨርቅ ገበያውን ሞላው፤ ምድር ባቡር በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ በዛ። ሲንጀር የተባለው የስፌት መኪና በየከተማው በረንዳ ተዘረጋ። በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ፥ በደርግ ዘመን ደግሞ በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ፤ በሐምሌ 2009 ዓመተ ምሕረትም በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። መኪናውን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ የለበስሁትም ቀሚስ በመኪና የተሰፋ ነው። እንዝርቱ ግን በብዙ ቤት ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

አሁን ልናገር የፈለግሁትን ነገር እናገራለሁ። በ1977 ዓመተ ምሕረት ረኃብ በወሎ ላይ በጸና ጊዜ እኔ ንባብ የምማር ልጅ ነበርሁ። በቤታችን ያለው ከብት አለቀ፤ ከዚያ ዕቃ መሸጥ ተጀመረ። መጀመሪያ ጋቢው ሄደ፤ ቀጥሎ የአያቴ መግነዝ ሄደ። አሮጊቶች ለሞታቸው ቀን የሚሆነውን መግነዝ ራሳቸው ፈትለው አሠርተው በሙዳይ ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበረና አያቴም አስቀምጣ ነበረ። የተሸጠ አይደለም፤ ጎረቤት ሕፃን ሞቶባት የምትገንዘው ብታጣ አያቴ አውጥታ ሰጠቻት። በመጨረሻ እናቴ በሙሽርነቷ ጊዜ ሰፍታ ያመጣችውን መሶብ ተሸክማ ወደ ገበያ ወረደች፤ እኔም ክዳኑን ይዤ ተከተልኋት። ከሌላ አገር የመጣ አንድ መንገደኛ ቀለሙን ወድዶ ገዛው። በገንዘቡ ማሽላ ገዛን፤ የተሰፈረልን ሁለት ቁና ነበረ። ነጋዴው ከሰፈረ በኋላ እናቴ ባዶውን ቁና ከእጁ ተቀብላ ገለበጠችው፤ ታቹን አገላብጣ አየችና «ይህን ማን ሰፋው?» ብላ ጠየቀችው። ነጋዴው «እኔ እንጃ፥ እህቴ» አላት። እርሷም «የሰፋችው ሴት እጇ ቀጥ ያለ ነው» አለችና መለሰችለት። ልጅ ስለ ነበርሁ የምናስበው ስለ እንጀራ ሆኖ ሳለ ስለ ስፌት መጠየቋ አስቈጥቶኝ ነበረ።

ዘመኑ ካለፈ በኋላ እናቴ ሌላ መሶብ ሰፋች። ከፊተኛው ያንስ ነበረ። ምጣዳችን በታናሽ ተለውጦ ነበረ፤ ሁለት ወንድሞቼ አልነበሩምና።

ይኸው አገር ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓመተ ምሕረት በጦርነት ውስጥ አለፈ። ከወልድያና ከመርሳ ብዙ ሕዝብ ወደ ደሴና ከዚያም አልፎ ተሰደደ። አገልግል ከቁም ሣጥን ወርዶ ለስንቅ የተያዘው በዚያ ጊዜ ነው፤ ለሠርግና ለበዓል ጌጥ ሆኖ የነበረው ዕቃ ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ። ሰዉ ሲመለስ ብዙው ቤት ተሰብሮ አገኘው። ሸማውና ብረቱ አልነበረም፤ ስፌቱ ግን በየግቢው ተጥሎ ቀርቶ ነበረ፤ ዘራፊ ሣር አይሻምና። አንዲት እናት ከጭቃ ያነሳችውን መሶብ በፀሐይ አስጥታ፥ የተፈታውን ዙር በአዲስ አክርማ ስትሰፋ አየኋት፤ አሮጌው አለላ ደብዝዞ፥ አዲሱ አብርቶ ይታይ ነበረ።

ዛሬ በገበያችን ላስቲክ መሶብ ይሸጣል፤ ጥለቱ በመኪና የታተመበት ቀሚስም ከቻይና ይመጣል፤ ዋጋው ስለሚረክስ ድኻው ቢገዛው አልፈርድበትም። የእጅ ሥራው የሚፈለገው ለሠርግና በባሕር ማዶ ላሉት ልጆቻችን ስጦታ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ አክርማ የሚለቀምበት መስክ መታረሱና መታጠሩ፥ ልጃገረዶችም በመስከረም ወር ወደ ትምህርት ቤት እንጂ ወደ መስክ አለመሄዳቸው ነው። ትምህርቱ ይበልጣል፤ ነገር ግን የእናቷን ቍጥር የምትቀበል ልጅ ከሌለች ቍጥሩ የተጻፈበት ሌላ መጽሐፍ የለም።

ለኢዮቤልዩው በዓል የአጥቢያችን እናቶች ለመሶበ ወርቁ አዲስ ክዳን ሰፍተው አመጡ። እኔም መዝገቡን አውጥቼ፥ በአራተኛው ዐምድ አጠገብ በማስመሪያ አምስተኛ ዐምድ አሰመርሁና «የሠሪው ስም» ብዬ ጻፍሁበት። ክዳኑን ከሰፉት ሁሉ የምትበልጠውን፥ ዕድሜዋ ከሰማንያ ያለፈውን እናት ጠርቼ «እሜቴ፥ ስምዎን ይንገሩኝ፥ ልጻፈው» አልኋቸው።

«መሪጌታ፥ ስሜ ምን ያደርግልዎታል? እግዜር ያውቀው የለም?» አሉኝ።

«እግዚአብሔርስ ያውቀዋል፤ ያላወቅነው እኛ ነን» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩ። «እንግዲያስ የክርስትና ስሜን ይጻፉ፤ ሁለተኛም ክፈፉን የሰፋችው የልጅ ልጄ ናት፤ እርሷን ከኔ በፊት ያድርጓት» አሉኝ። እንዳሉኝም አደረግሁ፤ የመጀመሪያው መስመር የልጅቱ፥ ሁለተኛው የርሳቸው ነው። ከላይ ያሉት ገጾች በዚህ ዐምድ ባዶ ናቸው፤ ስለ አሮጌው መጋረጃና ስለ ፊተኛው መሶበ ወርቅ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ከቅዳሴ በኋላ በዕቃ ቤት እገኛለሁ።